አራተኛ ፎቅ ያልደረሰ ውሃ

ፀጉሬ በሻምፖ አረፋ እንደተሸፈነ እናቴ የመታጠቢያ ቤቱን በር አንኳኳች። "ቶሎ ውጪ" ልትለኝ መስሎኝ፣ "እማዬ፣ ቧንቧውን ዘግቼዋለሁ እኮ! በጆግ ነው የምታጠበው!" ብዬ ጮህኩ። ለካ የመጣችው ለውሃው አልነበረም።

"ጋሽ ሽኩር አረፉ" አለች ከበሩ ወዲያ። "ሱቃቸው ውስጥ ቁጭ እንዳሉ ነው አሉ።"

አረፋው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጆጉን አንስቼ ማለቅለቅ እንኳ አቃተኝ። በኋላ የክፍሌ ልጆች "አለቀስሽ?" ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ሻምፖ ይሁን እንባ አልለየሁትም። የለየሁት ንዴቴን ብቻ ነው። በሕንፃችን ሰው ሁሉ ተናደድኩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በራሳቸው በጋሽ ሽኩር ተናደድኩ። ይኸው ወር ሊሞላቸው ነው፣ ንዴቱ አልለቀቀኝም። ስለሳቸው ካልጻፍኩም የሚለቀኝ አይመስለኝም።

የምንኖረው ገርጂ ነው፣ ከኢምፔሪያል በእግር የሚደረስበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነን። ጋሽ ሽኩርና ባለቤታቸው እትዬ ዘይኔ ከኛ በላይ፣ የመጨረሻው አራተኛ ፎቅ ላይ። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ላልኖረ ልንገረው፦ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በፈረቃው ቀን ሲመጣም እየተጎተተ ነው። መጀመሪያ ግራውንድ ያሉት ይቀዳሉ፣ እነሱ ሲዘጉ አንደኛ ፎቅ ይደርሳል፣ እንዲህ እያለ ይወጣል። ታች አንድ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ከተወ አራተኛ ፎቅ የሚደርሰው አየር ነው። ቧንቧው ሁለቴ ያፏጭና ዝም ይላል።

ጋሽ ሽኩር አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ነጭ ቆባቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። መንገድ ዳር የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ጆግ፣ ምን የሌለ ነገር አለ? ግን እንደሳቸው ያለ ነጋዴ በሕይወቴ አላየሁም። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ትልቅ ሳፋ ልንገዛ ሄድን።

"ጋሽ ሽኩር፣ ያንን ትልቁን ያውርዱልኝ" አለች እናቴ።

"ለምን?"

"ለልብስ ማጠቢያ ነዋ!"

"አራት ሰው አይደላችሁ እንዴ? እኔ የማላውቀው ዝሆን እቤት አላችሁ?"

እናቴ መሳቅም መቆጣትም አማራት። "ነጋዴ ነዎት ወይስ የውሃ ፖሊስ?"

"ጎረቤት ነኝ" አሉና ሁለት ትንንሽ ሳፋ አውርደው ፊቷ አስቀመጡ። "ትልቅ ሳፋ ያለው ሰው ካልሞላ ያጠበ አይመስለውም። በአንዱ እጠቢ፣ በአንዱ አለቅልቂ። ያለቀለቅሽበትን ለሚቀጥለው ማጠቢያ አድርጊው። ያጠብሽበትን ሽንት ቤት ድፊው። አለቀ።"

እናቴ እስከ ቤት ድረስ አጉረመረመች። "ገንዘቤን ይዤ ሄጄ ተመክሬ ልምጣ? እንዲህ ያለ ነገር የት አገር ነው ያለው?" ይሁን እንጂ እስከዛሬ የምናጥበው በነዚያ በሁለቱ ሳፋዎች ነው።

እኔን ደግሞ በቧንቧው በኩል ነበር የሚያሳድዱኝ። የሁላችንም ውሃ የሚወጣበት ቱቦ አንድ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ታች ሲከፍት ላይ ቤት ይሰማል። ሻወር ውስጥ መዝፈን እወዳለሁ። ዘፈኑ መሀል ላይ ቱቦው ኳ! ኳ! ይላል። ጋሽ ሽኩር ናቸው፣ በቁልፋቸው ነው የሚመቱት። አሳቅቀውኝ እዘጋዋለሁ። በማግስቱ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ፣

"አንቺ ዘፋኝ፣ ትናንት ሁለተኛውን ዘፈን ማን ጋበዘሽ?"

"ጋሽ ሽኩር፣ ደግሞ ያዳምጡኛል እንዴ?"

"ምን ላድርግ፣ በኔ ውሃ ነዋ የምትዘፍኚው። ሳሙና ስትቀቢ ቧንቧው ምን ይሠራል?"

"ምንም።"

"ታዲያ ምን ያለፋዋል? ይረፍ እንጂ!"

እየበገንኩ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ደግሞ አንድ ምልክት ነበራቸው፤ ቀኝ እጃቸውን ከፍ ያደርጉና አንጓቸውን ቀስ አድርገው ይጠመዝዛሉ። "ዝጋው" ማለታቸው ነው። መኪና በውሃ ጎማ ለሚያጥብ፣ ጥርሱን እየፋቀ ቧንቧ ለሚያስፈስስ፣ ስብሰባ ላይ ንግግር ለሚያስረዝም፣ ለሁሉም ያው አንዱ ምልክት ነው። አንድ ቀን ኢምፔሪያል ታክሲ ተሰልፌ ከጓደኛዬ ጋር ስንጫጫ፣ መንገዱ ማዶ ቆመው እጃቸውን ሲጠመዝዙልኝ አየሁ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሕንፃችን ልጆች ምልክቱን የቴሌግራም ግሩፓችን ስቲከር አድርገውት ነበር። ሰው ሁሉ ይስቅባቸዋል። ቋጣሪ ነው የሚሏቸው። እኔም ያኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ሳህን ሾርባ ነው። እትዬ ዘይኔ ታመው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ቆይቷል። ከአልጋ አይነሱም፤ ሲናገሩም ቃሉን አንድ በአንድ ፈልገው ነው የሚያወጡት። ይሄን ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። አንድ ጠዋት እናቴ ሾርባ አስይዛ ላከችኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ገባሁ። ጋሽ ሽኩር ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በትንሽ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ይዘው ወደ መኝታ ቤት ሲገቡ ደረስኩ። አላዩኝም። ድምፃቸውን ግን ሰማሁት፤ የሱቁ ድምፅ አይደለም፣ የደረጃውም አይደለም።

"ያንን እጅሽን ስጪኝ እስቲ... እንዲህ። በረደሽ እንዴ? ትንሽ ነው የቀረሽ፣ ዘይኔዬ።"

ሾርባውን ይዤ ደርቄ ቆምኩ። ሲወጡ አዩኝ። አልተቆጡም። በሩን ቀስ ብለው ዘጉና ሳፋውን ሽንት ቤት ወስደው ደፉት።

"ሰው ተኝቶ ሲውል ገላው ይቆስላል" አሉኝ፣ የሆነ ዕቃ እንደሚያስረዱኝ ሁሉ። "በየቀኑ ካልታጠበ ይቆስላል። ከቆሰለ ደግሞ መዳኑ ከባድ ነው። ሐኪሙ እንደዛ ነው ያለን።"

"በየቀኑ ራስዎ ነዎት የሚያጥቧቸው?"

"ታዲያ ማን ይጠብልኝ?"

ከዚያ ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ በረንዳ ወጡ። የያዟት ማንቆርቆሪያ ከቡና ጀበና የማትበልጥ ነች። እጅ፣ አፍ፣ ፊት፣ ክንድ፣ እግር፤ ሁሉንም በሷ ታጠቡ፣ ከሥር ሳፋ አድርገው። ሲጨርሱ ማንቆርቆሪያዋን ነቅነቅ አደረጓት። ተርፏታል! እኔ ጥርሴን የምፋቀው ከዚያ በበለጠ ውሃ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሴን በብርጭቆ ነው የምፋቀው። ቱቦው ኳ ሲልም መበገኔ ባይቀርም ወዲያው እዘጋለሁ፤ ኳኳታው ምን ማለት እንደሆነ አውቄዋለሁና።

እንግዲህ ጣጣው የጀመረው በቁልፉ ነው። ደረጃው ሥር በብረት ሳጥን ውስጥ የየፎቁ የውሃ መዝጊያ አለ። የሳጥኑ ቁልፍ በሕንፃው ኮሚቴ ውሳኔ ጋሽ ሽኩር ጋ ነበር። ስምምነቱ ቀላል ነው፤ በፈረቃ ቀን ታች ያሉት እስከ እኩለ ቀን ቀድተው ይጨርሳሉ፣ ከዚያ የነሱ ይዘጋና ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። ጋሽ ሽኩር እኩለ ቀን ሲሆን ይዘጋሉ። ዝናብ ቢዘንብ ይዘጋሉ፣ ንጉሥ ቢመጣ ይዘጋሉ።

አንድ የፈረቃ ቀን ግራውንድ ያለው ግሩም የሴት ልጁን ልደት ደገሰ። ግሩም የሜትር ታክሲ ሹፌር ነው፣ ተጫዋች፣ ሰው ወዳድ። ከጋሽ ሽኩር ጋር የሚጣሉት መኪናውን በጎማ ስለሚያጥብ ነው። "ጋሽ ሽኩር፣ ከኤርፖርት እንግዳ የማነሳ ሰው ነኝ፤ ጭቃ ለብሼ ቦሌ ልግባ?" ይላቸዋል። "በባልዲ እጠባት፣ አትቀየምህም" ይሉታል። የልደቱ ቀን ቤቱ በእንግዳ ጢም ብሏል። ጋሽ ሽኩር ራሳቸው ተጠርተው፣ ኬክ ቀምሰው፣ ልጅቷን መርቀው ወጡ። ከዚያ እኩለ ቀን ሆነና ዘጉት!

ሽንት ቤት የገባ እንግዳ እጁ በሳሙና እንደተለወሰ ቀረ። ግሩም ግቢው መሀል ቆሞ ጮኸ። "ኬኬን በልተው ውሃዬን ይዘጉብኛል?" ሕንፃው ሁሉ ሳቀ፣ ቀጥሎም ተቆጣ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ቁልፉን ከጋሽ ሽኩር ተቀበለና ለሰብሳቢው ሰጠ። ሰብሳቢው ቀኑን ሙሉ ቦሌ ቢሮ የሚውል ሰው ነው። እኩለ ቀን ላይ ማን ይዘጋል? ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጋሽ ሽኩርም "ለምን?" አላሉም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

የሚቀጥለው ፈረቃ ሐሙስ ነበር። ታች ያሉት ሲቀዱ ዋሉ፣ ሲያጥቡ ዋሉ። ሦስተኛ ፎቅ ለኛ የክር ያህል ወረደልን። አራተኛ ፎቅ ቧንቧው አፏጨ። ጋሽ ሽኩር የነበራቸው የመጠጥ ውሃ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከማጠናከሪያ ትምህርት ስመለስ፣ ግቢያችን ውስጥ ውሃ ይፈስሳል። ያለፈረቃችን መጥቷል! እንደዚህ የሚሆነው ስንት ጊዜ ነው? እየሮጥኩ ልገባ ስል ጋሽ ሽኩር የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ውሃው የሚወጣው ከግሩም በር ሥር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይሄን ያላደረገ ካለ እጁን ያውጣ፦ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ትከፍታለህ፣ "መጣ ይሆን?" ብለህ። የለም። ሳትዘጋው ትወጣለህ። እነ ግሩም የወጥ ቤቱን ቧንቧ እንደከፈቱት ቤተሰቡ በሙሉ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል። የዕቃ ማጠቢያውን ቀዳዳ ሳህን ደፍኖታል። በሩ ተቆልፏል። የብረት ሳጥኑም ተቆልፏል። የሕንፃው ውሃ ሁሉ እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ እየወረደ ነው።

"ሰብሳቢው ጋ ደውለዋል?"

"ስብሰባ ላይ ነኝ አለ።"

"ግሩምስ?"

"አያነሳም። እየነዳ ይሆናል።"

ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። በሩን አልፎ ይሰማል እኮ፣ ወጥ ብሎ፣ ሳይቸኩል ሲወርድ። ከዚያ ድንገት ብድግ አሉ። "የቆሻሻ ማፈሻ አላችሁ? አዲስ?" አመጣሁ። ተንበርክከው ከበሩ ሥር የሚወጣውን እያፈሱ ባልዲ ውስጥ መጨመር ጀመሩ። እኔም በጆግ አገዝኳቸው። ቆቡን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት። ውሃው የሲሚንቶ አቧራና የጫማ ጭቃ ይዞ ነው የሚመጣው።

"ለሽንት ቤት ይሆናል" አሉ ባልዲውን እያዩ። "ለወለልም ይሆናል።"

ለገላ እንደማይሆን ግን አልተናገሩም። እኔ ግን ቆጥሬዋለሁ፤ ከሐሙስ ጀምሮ እትዬ ዘይኔ አልታጠቡም።

ግሩም ሊመሽ ሲል መጣ። ሚስቱና ልጆቹ ከኋላው ናቸው። ጎረቤቱም አንድ ሁለት እያለ ወርዶ ደረጃው ላይ ቆሟል። ጋሽ ሽኩር ሱሪያቸው እስከ ጉልበት በስብሷል።

"ጋሽ ሽኩር! ምን ሆነው ነው እዚህ የተቀመጡት?"

"ቧንቧህን እያዳመጥኩ ነው። ደህና ነው፣ ግሩም። በደንብ ይሠራል።"

ግሩም በሩን ሲከፍት ውሃው እግሩ ላይ ፈሰሰ። ሮጦ ዘጋና ተመለሰ፤ ምንጣፉ ተበላሽቶበት እሱም ተናዷል። "እኔ ምን ላድርግ? ዛሬ ተራችን ነው እንዴ? ማን ይመጣል ብሎ ያስባል? ሳይነግረኝ መጣ!" አንዳንዱ ሳቀ። አንዷ ከላይ ሆና፣ "በቃ ጋሽ ሽኩር ውሃ ሲያዩ ያማቸዋል" አለች። እንደገና ሳቁ።

እኔ አልቻልኩም። "እትዬ ዘይኔ ከሐሙስ ጀምሮ አልታጠቡም! ገላቸው ይቆ..."

"ዝም በይ!"

ጋሽ ሽኩር እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።  ወደኔ ጠጋ አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "የሚስቴን ገላ ደረጃ ላይ አታውሪ" አሉኝ። ባልዲያቸውን አንስተው እያረፉ እያረፉ ወደ ላይ ወጡ።

ለስንት ቀን አላናገሩኝም። አሁንም የተናገርኩት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሳቸውም ቢሰሙኝ ይሄንኑ እደግመዋለሁ። ያንን አንዱን ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ተናግረውት ቢሆን ሕንፃው ክፉ አልነበረም። "ባለቤቴን የማጥብበት ስጡኝ" ቢሉ ማን እምቢ ይላቸዋል? እሳቸው ግን ቋጣሪ መባል ተሻላቸው። በማግስቱ ግሩም ሁለት ጀሪካን ሞልቶ በራቸው ላይ አስቀምጦ ነበር። ጋሽ ሽኩር ጀሪካኖቹን ተሸክመው፣ አራት ፎቅ ወርደው፣ በሩ ላይ መለሱለት።

"ጋሽ ሽኩር፣ በናትዎ ይውሰዱት። ለይቅርታ ነው።"

"ስጦታ አልፈልግም ልጄ። ቧንቧህን ዝጋ፣ ይደርሰኛል።"

"መልሰውብኝ እኔ ምን ልሁን?"

"ቧንቧህን ዝጋ!"

ግሩም ተቀየመ። "ለሰው ደግ መሆን አይቻልም" እያለ ለሁሉም አወራ። እውነቱን ነው፣ አይቻልም ነበር፣ ለሳቸው። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ለይቅርታ የመጣ ጀሪካን አንድ ቀን ነው የሚያጥበው፤ ዝግ ቧንቧ ግን ሁልጊዜ። ሁለቱም እውነት ይዘው ሲኮራረፉ መሀል ላይ የቆየው የእትዬ ዘይኔ ገላ ነው። ይሄ አያበግንም? እናቴ ብቻ ናት የገባት። ውሃ ልስጥዎ አላለችም። የፈረቃ ቀን እኛ ቤት ቶሎ እንዘጋለን፣ ቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ሲያልፍ እንሰማዋለን፣ በቃ። ሦስተኛ ፎቅ ብቻውን ስንት ውሃ ያሳልፋል?

ከዚያ ሱቃቸው ውስጥ ቁጭ እንዳሉ አረፉ።

በለቅሶው ቀን ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ሴቶቹ አራተኛ ፎቅ ነበርን። የፈረቃችን ቀን አልነበረም፣ ግን ሁሉም ከየቤቱ ያጠራቀመውን ይዞ መጣ። ለለቅሶ ቤት ውሃ ያስፈልጋል፤ ይሄን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ኮሪደሩ ጀሪካን በጀሪካን ሆነ። ወጥ ቤቱ ሞላ፣ በረንዳው ሞላ፣ መታጠቢያ ቤቱ የሚረገጥበት ጠፋ። ያቺ ደረጃ ላይ የቀለደችባቸው ሴትዮ እንኳ ባልዲ ይዛ እያለቀሰች ወጣች። ያ ቤት እንደዚያን ቀን ውሃ ኖሮት አያውቅም።

እትዬ ዘይኔን ትራስ ደግፈን ሳሎን ፍራሽ ላይ አስቀምጠናቸው ነበር። ዝም ብለው በሩን ያያሉ፣ ጀሪካን ሲገባ፣ ሌላ ጀሪካን ሲገባ። ግሩም ትልቁን ጀሪካን ተሸክሞ እያለከለከ በሩ ላይ ደረሰ፤ ማስቀመጫ ቦታ በዓይኑ ይፈልጋል።

"ይሄ... ምንድን ነው?" አሉ እትዬ ዘይኔ።

እናቴ ጎንበስ ብላ፣ "ውሃ ነው እትዬ ዘይኔ። ጎረቤት ነው ያመጣው። ለእርስዎ ነው" አለቻቸው።

ቃሉን ፈለጉት። አፋቸው በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ክፍሉ ሁሉ ጠበቃቸው።

"ሽኩር... እያለ... የት ነበር?"

 ሲያለቅሱ የነበሩት እንኳ አቆሙ። ግሩም ከነጀሪካኑ ደፉ ላይ ቆሟል፤ አይገባም፣ አይመለስም፣ ፊቱ ቀልቷል። እትዬ ዘይኔ አዩት። ደህና እጃቸውን ከጋቢው አወጡና ወለሉን መታ መታ አደረጉለት።

"አስቀምጠው... ልጄ። ይከብድሃል።"

ግሩም ግን እንደያዘው ቆመ።